ቀኑን የረሳው ኮምፒውተር

የእድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። የአባላቱ ስም ዝርዝር፣ ወርኃዊው መዋጮ፣ ድንኳን ወስዶ ያልመለሰው ሰው ሳይቀር ያለው ሳሎናችን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ባለቤቴ በ2003 ዓ.ም. ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛው ነው፤ ያኔም አዲስ አልነበረም። ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ስላቆመ ከኢንተርኔት ጋር አላገናኘውም። ኤክሴልና የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ እስካሉት ድረስ ለእኔ ይበቃኛል።

ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ሊሆን ሐሙስ ጠዋት ማብሪያውን ተጫንኩ። ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ማራገቢያው ተነሣ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሰዓትና ቀን እንዳልተሞላ፣ ለመቀጠልም ኤፍ 1 እንዲጫን የሚናገር ነጭ ጽሑፍ ወጣ። ተጫንኩ። የዊንዶውስ አራት ቀለማት መሰባሰብ ጀመሩ። ወዲያው አንድ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋና ማሽኑ ከመጀመሪያው ተነሣ። እንደገና ቀለማቱ፣ እንደገና ብልጭታው፣ እንደገና ጨለማ። ሰባት ጊዜ ቆጥሬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጥገና ቤት አስወሰድኩት። ጠጋኙ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው። አንዴ ከፍቶ አየና፣ «መምህር፣ ይኼ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም። ሃርድ ዲስኩም ሳይሞት አይቀርም» አለኝ።

«መረጃውስ?»

«እሱ እንግዲህ ይጠፋል።»

መልሼ አስጫንኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረውም እንዲሁ ነበር።

እኔ የተበላሸ ነገር ሲገጥመኝ በቅድሚያ የሚሠራውን እቆጥራለሁ። ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል፣ ደኅና ነው፤ ራሙ ቢላቀቅ ኖሮ ማሽኑ እየጮኸ ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ይቀር ነበር። አራቱ ቀለማትም ይታያሉ። ቀለማቱ የሚነበቡት ደግሞ ከሃርድ ዲስኩ ነው፤ የሞተ ዲስክ ያን ያህል አይጓዝም። የቀረኝ ያ ሰማያዊ ብልጭታ ነበር። ዓይን አይደርስበትም። ልጄ በስልኳ ቪዲዮ ቀረጸችውና ብልጭ ያለበት ቦታ ላይ አቆመችው። (ኤፍ 8 ሲጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ማሽኑ በስሕተት ጊዜ ራሱን እንዳያስነሣ የሚከለክል ምርጫ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው።) በ7ቢ የሚያልቅ ቁጥር ተጽፎበታል።

ይህ ቁጥር የሚመጣው ዊንዶውስ ራሱ ያለበትን ዲስክ ማግኘት ሲያቅተው ነው። ታዲያ ዲስኩን ካጣው እስከ ቀለማቱ ድረስ እንዴት መጣ? መጀመሪያ ላይ ዲስኩን የሚያነብለት ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ መንገድ ላይ ዊንዶውስ በራሱ ድራይቨር፣ ማለትም ዲስኩን በሚያናግርበት ፕሮግራም፣ ይረከባል። የእኔው ማሽን የሚወድቀው ርክክቡ ላይ ነበር።

ኤፍ 2 ተጭኜ ወደ ባዮሱ ገባሁ። ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ይላል። እኛ በቁጥር ከፈረንጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን፤ ይኼ ደግሞ በፈረንጅ እየቆጠረ ከእኛው 2017 በዘጠኝ ዓመት ኋላ ቀርቷል! ስቄ ሳልጨርስ አፈርኩ። ከመስከረም ጀምሮ የኮምፒውተሩ ሰዓት ጠዋት ጠዋት እየዘገየ ያስቸግረኝ ነበር፤ እኔም በየቀኑ አስተካክዬ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሲነግረኝ አልሰማሁትም።

የማሽኑ ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ፣ የኮት ቁልፍ መጠን ያላት ክብ ባትሪ አለች። ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች የምታቆይ እርሷ ናት። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ማብሪያውን ተጭኜ የቀረውን ኃይል ካስወጣሁ በኋላ ጎኑን ከፈትኩ። ከአቧራው ጋር አንድ የደረቀ በረሮ ወጣ። ባትሪዋን የያዛትን የብረት ምላስ በትንሽ ጠፍጣፋ መፍቻ ገፋ ሳደርግ ብድግ አለች። በመልቲሜትር ስለካት 2.1 ቮልት። 3 መሆን ነበረበት።

ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩና «ይህችን የመሰለች» ብዬ ሰጠሁት፤ የመሰለች ሰጠኝ። ቤት መጥቼ ሳስገባት ትንቀጠቀጣለች። ጀርባዋን ሳነበው ሲአር 2025 ይላል፤ የእኔዋ ሲአር 2032 ናት። 20 ስፋቷ በሚሊሜትር ነው፤ 32 ደግሞ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው። ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፤ ያችኛዋ ግን በ0.7 ሚሊሜትር ትቀጥናለች፤ ቦታዋም ልክ አልያዛትም። ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ቁጥሩን ሳላነብ መምጣቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።

ትክክለኛዋን ገዝቼ የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጌ አስገባሁ። ባትሪ መቀየር ብቻውን ግን ማሽኑን አያስነሣውም፤ የተረሳው ነገር እንደተረሳ ነውና። ባዮሱ ትዝታው ሲጠፋበት ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ምርጫ ይመለሳል። ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ የሚመረጥበትን መስመር ስፈልግ አይዲኢ በሚባለው አሮጌ ዘዴ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያለው ሌላ ምርጫ ኤኤችሲአይ የሚባለው አዲሱ ዘዴ ብቻ ነው፤ ዊንዶውሱ የተጫነው በእርሱ ከነበረ በአይዲኢ ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል። አንዱ እንደማይሠራ አንድ ቀን ሙሉ አይቻለሁ። ቀኑን ሞላሁ፣ ኤኤችሲአይን መረጥኩ፣ ኤፍ 10 ተጭኜ አስቀመጥኩ። ቀለማቱ ተሰባሰቡ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ የዴስክቶፑ ሥዕል፣ ሥዕሉ ላይም «የእድር መዝገብ» የሚለው ፋይል።

ፎርማት ቢደረግ ኖሮ በአይዲኢ እንደ አዲስ ተጭኖ ይነሣ ነበር፤ ልጁም ልክ ነበርኩ ይል ነበር። መዝገቡን በፍላሽ ገልብጬ አንድ ቅጂ አተምኩ። የባዮሱን ምርጫና ባትሪዋ የገባችበትን ቀን ደግሞ በወረቀት ጽፌ የማሽኑ ክዳን ውስጥ በፕላስተር ለጠፍኩ።

ባትሪዋ ለምን እንደደከመች የገባኝ ዓርብ ማታ ነው። ኮምፒውተር ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የግድግዳው ኃይል ነው፤ ባትሪዋ ሥራ የምትጀምረው ሲነቀል ነው። እናቴ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያደርሰውን ጉዳት ስለምታውቅ በየማታው ከጸሎቷ በፊት ቤቱን ዞራ ያገኘችውን ሁሉ ትነቅላለች። ነገርኳት። አሮጌዋን ባትሪ አምጥቼ አሳየኋት። በመዳፏ ይዛ አገላበጠቻትና፣

«ለዚህች ብዬ ቤቴን ለመብረቅ ልስጥ?» አለችኝ።

ተነሥታ ነቀለችው። ቅዳሜ ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ተመልሼ ሁለት ተጨማሪ ሲአር 2032 ገዛሁ።