ከኋላ ወንበር
ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው ባዘጋጁት የአመራር መድረክ ላይ ዋልኩ። እኛ መምህራን ከኋላ ተቀመጡ ተባልን። አፍ ዘግቶ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ!

መድረኩን የመራችው የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት። ወረቀቱ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጀመረች። መሀል ላይ ማይኩ ጠፋ። ልነሳ ስል አንዱ ተማሪ ቀድሞኝ ገመዱን ነቅሎ መሰካት ያዘ፤ እሷ ደግሞ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ያለ ማይክ ቀጠለች። ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁማት!

በውይይቱ ላይ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሳና፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ጠቀሰ። «በሚመለከተን ጉዳይ ሐሳባችን ይሰማ ይላል። ታዲያ የክበባቱን ሰዓት ስትቀይሩ ማን ጠየቀን?» (የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም።)

ሰዓት አጠባበቃቸው ግን ጉድ ነው፤ ምሳ አንድ ሰዓት ዘገየ። ሰኞ ሊያነጋግሩኝ ቀጠሮ አስይዘዋል።