መብራት ከሄደ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

«መብራት ሄደ!» ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ስልክ ነው። ባትሪው ይበራል፣ ሻማ ይፈለጋል፣ ክብሪት ይጠፋል። ባትሪው ሲጠፋ ደግሞ ቤቱ ከቅድሙ ብሶ ድቅድቅ ይላል። ጨለማው አልጨመረም፤ ዐይን የጀመረውን ሥራ ባትሪው አፈረሰበት እንጂ። ስለ ስሜት ሕዋሳት ሲወራ ዐይን እንደ ካሜራ መቆጠሩ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ግማሽ ሰዓት ጠብቁኝ አይልም።

መጀመሪያ ብሌን ይሰፋል። ከ2 ሚሊሜትር ወደ 8 ቢሰፋ እንኳ የሚገባው ብርሃን 16 እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው፣ እሱም ቶሎ ያልቃል። ዋናው ሥራ ያለው ከኋላ፣ ሬቲና በሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፦ ቀለምና ጥቃቅን ነገር የሚለዩት 6 ሚሊዮን ገደማ ኮኖች፣ ቀለም ባያውቁም ለደካማ ብርሃን የተሠሩት 120 ሚሊዮን ገደማ ሮዶች። ኮኖቹ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚችሉትን ያህል ይለምዱና ያቆማሉ። ብዙ ሰው «በቃ፣ ከዚህ በላይ አይታይም» ብሎ ስልኩን የሚያነሳው ልክ በዚህች ሰዓት ነው። ሮዶቹ ግን ተራው የሚደርሳቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም እስከ 40 ይሻሻላሉ። የሚዘገዩት ሮዶፕሲን የሚባለው ንጥረ ነገራቸው ብርሃን ሲመታው ስለሚፈርስና ቀስ እያለ እንደገና ስለሚሠራ ነው። ቅድም ያየነው ብርሃን በበረታ ቁጥር ጥበቃውም ይረዝማል። ቀትር ላይ ከቸርችል ጎዳና ፀሐይ ተነሥቶ ብሔራዊ ቴአትር አዳራሽ የሚገባ ሰው የሰው እግር የሚረግጠው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የት እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። በሬቲናው መሐል፣ ትኩር ብለን ስናይ በምንጠቀምበት ቦታ ላይ፣ ሮድ የለም። ቁልፍ ወለል ላይ ወድቆ እንደሆነ፣ ያለበት በመሰለን ቦታ ላይ ማፍጠጥ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ጎን ማየት ይሻላል። ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን፣ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ጭብጥ ማለት ነው። በአንድ ዐይን ብቻ ከሆነ ግን ከቁልፉ በላይ ወይም በታች ማየት ነው፤ ከእይታው መሐል ወደ ጆሮ በኩል 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ዐይነ ስውር ነጥብ አለ፣ እዚያ የወደቀ ነገር ጭራሽ አይታይም።

ሮዶች ለብርሃን ምን ያህል ስሱ እንደሆኑ ሄክት፣ ሽላየርና ፒሬን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1942 እ.ኤ.አ. ለክተውታል። ተመልካቹን ከግማሽ ሰዓት በላይ ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው፣ ከእይታው መሐል 20 ዲግሪ ፈንጠር አድርገው፣ ለሺኛ ሰከንድ ብቻ የምትቆይ አረንጓዴ ብልጭታ አሳዩት። ታየኝ ለማለት ዐይኑ ፊት ላይ መድረስ የነበረበት ከ54 እስከ 148 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ነው። ከዚያ ውስጥ የሚበዛው መንገድ ላይ ይቀራል፤ በስሌታቸው ሮዶቹ የዋጡት ከ5 እስከ 14 ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶን ሌላ ሌላ ሮድ ላይ ስለሚያርፍ፣ አንድ ሮድ በአንድ ፎቶን ይነቃል ማለት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አሁን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው አስፋልት በኮሪደሩ መብራት ቀን መስሏል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ለውስጡ ሰፈር ሲታጠፉ ግን ጉድጓዱም ድንጋዩም አይለይም። ሁለቱ ዐይኖች የሚለምዱት በየፊናቸው ስለሆነ፣ ከመታጠፉ በፊት ባለው መንገድ አንዱን ጨፍኖ ማቆየት ይጠቅማል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃም ከምንም ይሻላል (መኪና ባለበት መንገድ ሲሻገሩ ግን አይሞከርም)። ቤት ውስጥ ደግሞ ሻማን ፊት ለፊት ከማስቀመጥ ከጀርባ ማድረግ፣ ስልክ የግድ ከሆነም ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ስክሪኑን ቀይ ማድረግ ነው። ሮዶች ቀይን እምብዛም ስለማያዩት ልምዳቸው ቶሎ አይፈርስም።

ይኸው ጠባያቸው ማምሻ ላይ ጥለት ያስለውጣል። ቀይና ሰማያዊ ጥለት ያለው ቀሚስ በቀን ቀዩ ነው ጎልቶ የሚታየው። ሲመሻሽ ቀዩ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ሰማያዊው ደግሞ ፈካ ይላል። ፑርኪንየ የተባለው የቼክ ሊቅ ይህን የታዘበው አበባ ሲያይ ነው። ስለዚህ የጥለት ቀለም በምሽት አይመረጥም።

ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ እንጦጦ ላይ አንዲት መብራት ብቻ ከቀረች፣ ለጥቂት ጊዜ ትክ ብሎ ላያት ሰው መንቀሳቀስ ትጀምራለች። መብራቷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ አጠገቧ የምትነጻጸርበት ነገር ስለሌለ አእምሮ የዐይንን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ከእሷ እንቅስቃሴ መለየት ያቅተዋል። ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ማየት ነው፤ ወዲያው ትቆማለች።

ግማሽ ሰዓት ጠብቆም ምንም የማይታየው ሰው ካለ ዳፍንት ሊሆን ይችላል። ሮዶፕሲን ያለ ቫይታሚን ኤ አይሠራም፤ ጉበት፣ እንቁላል፣ ካሮትና ጎመን ያንን ይሰጣሉ፣ አትክልቶቹ ዘይት ሲነካቸው ይበልጥ። ቫይታሚኑ ያልጎደለው ሰው ግን ካሮት በኪሎ ቢበላ በጨለማ የተሻለ አያይም። ዳፍንት በዘር ከሚወረስ የሬቲና ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል፣ በተለይ ልጅ ሲመሽ ዕቃ የሚመታ ከሆነ የዐይን ሐኪም ይየው።