መሬቱን በሚያዝያ እዪው

ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ መሬት ላይ ነው። ማክሰኝት አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን ሁለት ቁራሽ መሬት አሳይተውኛል። አንዱን ለአትክልት ልይዝ ነው። ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

አንደኛው ሜዳ ላይ ያለ ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ። ሁለተኛው ወንዝ ዳር ያለ ቀላ ያለ ተዳፋት ነው፤ ጠጠርም አለበት። ያማከርኳቸው ሁሉ "ጥቁሩን ያዢ" ይሉኛል። ልቤ ግን ወደ ቀዩ አድልቷል።

የዋልካ ለምነት አያጠያይቅም። የደምቢያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ የሚያበላን በእሱ ነው። በክረምት የጠጣውን እርጥበት ቶሎ ስለማይለቅ፣ ሽምብራው ዝናብ ካቆመ በኋላም ይደርስበታል። ለአትክልት ግን ጠባዩ ከባድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ የቲማቲምና የሽንኩርት ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በጋ ሲገባ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ እጄን ብከት እስከ አንጓዬ ገባ። ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ፈሰስ ማውጣት ይቻላል፤ ግን በየክረምቱ የሚደገም ሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለምትመጣ ሰው አይሆንም።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። ቀዩ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው አንድ ጭብጥ አፈር አነሡ። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገው አሹትና በመዳፋቸው መሃል እንደ ክር ሊያሾሩት ሞከሩ። ትንሽ ረዘመና ተቆረጠ። ደስ አላቸው። ጭቃው ቢበዛ ሳይቆረጥ ይሳብ ነበር፤ አሸዋው ቢበዛ ደግሞ ጭራሽ አይያያዝም። ለአትክልት የሚሆነው መሃለኛው ነው።

"አፈሩን ፍግ ያስተካክልልሻል፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ውሃ ግን ከየትም አታመጪም። በሚያዝያ መጥተሽ ወንዙን እዪው።"

በሚያዝያ ሄድኩ። ወንዙ ቀጥኗል እንጂ አልተቋረጠም። ለእኔ ነገሩ ያለቀው እዚያው ላይ ነው። መስከረም ላይማ የትኛው ወንዝ ነው የማይሞላው? ባሕር ዛፍም በቅርብ የለም። ጥግ ላይ ቢኖር ኖሮ ውሃውን ከአትክልቱ ቀድሞ ይጠጣው ነበር። ቀደም ሲል ምን እንደተዘራበትም ጠየቅሁ። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ የሚያወጣው የነጭ ሽንኩርት በሽታ አንዴ ከገባ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ነው። ገብስና ባቄላ ነበረበት አሉኝ፤ ተመስገን።

የቀረው ውሉ ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ሰፍሯል። እኔም የምይዘው በኪራይ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ብዛት ከአፈሩ እኩል ያስጨንቀኛል። ለአንድ ዓመት የተከራየ ሰው ሽንኩርቱን ነቅሎ ይሄዳል፤ ለምን ብሎ ፍግ ያሸክማል? ረዘም ካለልኝ ግን ኮምፖስቱን አዘጋጃለሁ፣ ገሾና ዘይቱን እተክላለሁ። አክስቴ "በዘመድ መሃል ደግሞ ወረቀት ምንድን ነው?" ብለው ቅር አላቸው። እኔ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ እላለሁ። ለእሳቸውም ዋስትና ነው፤ ነገ ልጆቻቸው ከእኔ ጋር እንዲካሰሱ አልፈልግም። በትዕግሥት ደግሜ አስረዳቸዋለሁ።

ከተስማማን ክረምቱ ሳይገባ መጀመሪያ የምሠራው እርከን ነው። ተዳፋት ስለሆነ የሐምሌ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሊወስድብኝ ይችላል። ጠርዙ ላይ ደሾ ሣር አስይዛለሁ። ሽንኩርቱ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።