የሙቀት ማስጠንቀቂያ ስንት ላይ ይደረግ? ጎንደር ላሉ ኮምፒውተሮች እስካሁን የደረስንበት

በየቀኑ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሰው ስለሚሰለቸው ይጠፋል። ፈጽሞ የማይጮኸው ደግሞ ይብሳል፤ ፕሮሰሰሩ ከሙቀት የተነሳ ፍጥነቱን እየቀነሰ ወራት ይሠራል፣ ባለቤቱም «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ገደቡን የምናወጣው ማሽኑ ራሱ ንጹሕ ሆኖ ከባድ ሥራ ሲሠራ ከሚደርስበት ሙቀት ተነሥተን ነው።

አስቀድሞ የሐሰት ንባቦችን መለየት ያስፈልጋል። ሙቀት የሚያነቡት ፕሮግራሞች፣ የዊንዶውሱ ኤችደብሊው ኢንፎም ሆነ የሊኑክሱ ኤልኤም ሴንሰርስ፣ ከማዘርቦርዱ ከሚያመጧቸው ቁጥሮች አንዳንዶቹ ምንም ያልተገናኘባቸው ናቸው። 127 ዲግሪ፣ ወይም ከዜሮ በታች 50 እና 60 የሚል፣ ሥራ ሲበዛም ሲቀንስም ንቅንቅ የማይል ቁጥር ካያችሁ ከዝርዝሩ አውጡት።

ከዚያ ልኬት። ክዳኑ ተገጥሞ፣ ማሽኑ በተለመደ ቦታው ሆኖ፣ ዋና ሥራውን 30 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ክዳን ተከፍቶ የተለካ አይጠቅምም። ፒያሳ ላለ ቪዲዮ ቤት ዋና ሥራው ረጅም ቪዲዮ ኤክስፖርት ማድረግ ነው፤ ለፎቶ ኮፒ ቤት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፕሮሰሰሩን እስከ ጥግ የሚያሠራው የመፈተኛ ፕሮግራም ፕራይም 95 የማቀዝቀዣውን አቅም ለመፈተን ጥሩ ቢሆንም የዕለት ሥራ እዚያ ስለማይደርስ በእሱ ልክ ገደብ ማውጣት ማስጠንቀቂያውን ያደነዝዘዋል።

የተለካበት ወር ትልቅ ለውጥ አለው። የክፍሉ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር ፕሮሰሰሩም ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ነሐሴ ላይ የወጣ ገደብ መጋቢት ላይ ያለ ምክንያት ይጮሃል። የቪዲዮ ቤቶች ሥራ በጥር ሰርግና በጥምቀት ይበዛል፣ አየሩ ግን ያኔ እንደ መጋቢት አይሞቅም። ሙቀቱና ሥራው አንድ ላይ የሚመጡት ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሰርጎች ስለሆነ የሚታመነው ልኬት የዚያን ጊዜው ነው። መጠበቅ ካልተቻለ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር ለክቶ እስከ 29 ወይም 30 ዲግሪ ያለውን ልዩነት በተለካው የፕሮሰሰር ሙቀት ላይ መደመር ይቻላል።

ከፍታውንም አትርሱ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ20 በመቶ አካባቢ ይሳሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ቁጥር እዚህ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል የማሽኑ ጥፋት አይደለም።

አሁን ስሌቱ፦ ከተለካው ከፍተኛ ሙቀት ላይ 10 ዲግሪ ጨምሩ። ለምሳሌ አራተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ በሙቀት ወራት 68 ከደረሰ ማስጠንቀቂያው 78፣ ሁለተኛው፣ አደገኛው ገደብ 90 ይሁን፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነት የሚቀንሰው 100 ላይ ነው። 78 ላይ ሲጮህ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አቧራ ነው፦ ፋኑ ሲነሣ በሂት ሲንኩ (ሙቀት በሚያወጣው ብረት) ክንፎች አናት ላይ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይገኛል። አቧራ ከሌለ በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በኢንቴል ገጽ ላይ ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች 72 ዲግሪ ገደማ ተጽፎ ይታያል። ያ የፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ሙቀት ነው፤ ሴንሰሩ የሚያነበው ግን ከክዳኑ ሥር ያለውን፣ ሥራውን የሚሠራውን ኮር ነው። 72ን የኮር ገደብ ያደረገ ሰው ጤነኛ ማሽን ይፈታል። በተቃራኒው የኤኤምዲው ፕሮሰሰር ራይዘን 7000 ኤክስ በከባድ ሥራ ሆን ተብሎ እስከ 95 እንዲሄድ ስለተሠራ 10 የመጨመሩ ስሌት ለእሱ አይሆንም፤ ለእሱ የፋን ዙርና የሥራ ፍጥነት መከታተል ይሻላል።

ለሃርድ ዲስክ 50 ማስጠንቀቂያ፣ 55 አደገኛ ይበቃል። ለኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ማዘርቦርዱ ላይ ለሚሰካው ፈጣን ዲስክ) 70 እና 80።

የኮር ሙቀት ፕሮግራም ሲከፈት በአንድ ሰከንድ 15 እና 20 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ገደቡ ለ30 ሰከንድ ያህል ሳይቋረጥ ሲታለፍ ብቻ እንዲጮህ አድርጉት፤ 78 ላይ ከጮኸ 73 ሳይደርስ አይጥፋ፤ አለበለዚያ ድንበሩ ላይ ሲመላለስ ይውላል። በሊኑክስ የኢንቴል ኮር ገደብ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ይህ ሁሉ የሚሞላው በሚከታተለው ፕሮግራም ውስጥ ነው።

ፋኑም የራሱ ገደብ ይኑረው። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ፋኑ በደቂቃ 900 ዙር ከሆነ ዝቅተኛውን 600 አድርጉት። የፋን ቦሽ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ሲያልቅ ዙሩ መውረድ የሚጀምረው ሙቀቱ ከመጨመሩ በፊት ነው።