ጆሮአችን የማይሰማው ጩኸት፦ በአንድ የቤተ ሙከራ እንስሳት ቤት ድምፅና ንዝረትን እንዴት ቀነስን

ደብረ ማርቆስ በምሠራበት የእንስሳት ቤት ነጭ አይጥና አይጠ መጎጥ እናረባለን። ተመራማሪዎች ከጎጃም የባህል መድኃኒት አዋቂዎች የሰሟቸውን ዕፅዋት የሚፈትሹት በእነዚህ እንስሳት ነው፤ ቅጠሉ ወባን ይገታ እንደሆነ፣ ሥሩ ሕመም ያስታግስ እንደሆነ። ድምፅና ንዝረትን በቁም ነገር እንድይዝ ያደረገኝ የሕመም ማስታገሻው ሙከራ ነው። የተረበሸ እንስሳ ሰውነቱ ራሱ ሕመም የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ጄኔሬተር እየጮኸ በጋለ ሳህን ላይ የቆመ አይጥ እግሩን ለማንሣት ቢዘገይ፣ ያዘገየው የተሰጠው ሥር ይሁን ድንጋጤው ማን ይለያል? መድኃኒቱን ያልቀመሰው የማነጻጸሪያ ቡድንም አብሮ ይዛባል። እንስሳው ተሠቃይቶ ውጤቱ የማይታመን ከሆነ፣ ሥቃዩ ለማንም አልጠቀመም ማለት ነው። ይህን መሸከም አልችልም።

ሥራው የሚጀምረው የራስን ጆሮ ከዳኝነት በማውረድ ነው። ሰው የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። አይጥ ግን ከ1,000 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 90,000 ገደማ ትሰማለች። ከጎጆዋ የወጣች ሕፃን አይጥ እናቷን የምትጣራበት ድምፅ ለእኛ ጨርሶ አይሰማም። ስለዚህ እኛን የሚያደነቁረውን የሞተር ጉርምርምታ አይጧ እምብዛም በጆሮዋ ላትሰማው ትችላለች፤ የምታውቀው በእግሯ ነው። በተቃራኒው ጸጥ ብሏል ብለን በሩን ዘግተን የምንወጣው ክፍል ለእሷ ጫጫታ ሊሆን ይችላል። የተለመደው የድምፅ መለኪያም የተቃኘው ለሰው ጆሮ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው መመሪያ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ጆሮን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም አካል ሊጎዳ እንደሚችል ያነሣል። ያን ቁጥር ይዞ ክፍሉ ውስጥ መዞር ጥሩ ነው፤ በቂ ግን አይደለም።

ከእኛ ጆሮ በላይ የሆነውን ቀጭን ድምፅ ለማግኘት የሌሊት ወፍ የሚያጠና አንድ ባልደረባ መሣሪያውን አዋሰኝ። የሌሊት ወፎችን ድምፅ ወደ እኛ ጆሮ ዝቅ አድርጎ የሚያሰማ ትንሽ ዕቃ ነው። በክፍሉ ስዞር መሣሪያው ከሁሉ በላይ የጮኸው ያረጀ የሸምበቆ መብራት አጠገብ፣ በደንብ የማይዘጋ ቧንቧ አጠገብና የኮምፒውተር ስክሪን አጠገብ ነበር። የቁልፍ ዘለላ ሲንቀጫቀጭማ ለብቻው ነው። መሣሪያው የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ እነዚህን ዕቃዎች አስቀድሞ ይጠርጥር። ደስ የሚለው፣ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ አየር ውስጥ ቶሎ ይደክማል፤ ቀጭን ግድግዳም ያስቆመዋል። ኮምፒውተሩን ወደ ቀጣዩ ክፍል ማውጣት፣ መብራቱን መቀየር፣ የቧንቧውን ጎሚኒ ማደስና ቁልፍን በጨርቅ ከረጢት መያዝ በቂ ሆነ።

ንዝረት ግን ሌላ ጠባይ አለው። በወለልና በግድግዳ ሩቅ ይሄዳል፤ በር ዘግተህ አታስቀረውም። እሱን ለማየት በየመደርደሪያው ውሃ የሞላ ሳህን አስቀምጬ በጎን ባትሪ አበራሁበት፤ ውሃው ሲርገበገብ በዓይን ይታያል። በስልክ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያም ረዳኝ። ጄኔሬተራችን በደቂቃ 1,500 ጊዜ ስለሚዞር በሴኮንድ 25 ይሆናል፤ ስልኩም በትክክል እዚያው 25 ላይ ጉብታ አሳየ። ከየት እንደመጣ መከራከር ቀረ። ላይኛው መደርደሪያ ከታችኛው ይልቅ ይወዛወዝ ነበር፣ መደርደሪያውም ከጄኔሬተሩ ክፍል ጋር በሚጋራው ግድግዳ ላይ በብሎን ታስሮ ነበር። ብሎኑን ፈትተን መደርደሪያውን ከግድግዳው አራቅነው፤ በራሱ እግር ቆመ። ከእግሮቹ ሥር ከጎሚስታ ቤት ያገኘነውን የከባድ መኪና ካላማዳሪ ቆርጠን ደራርበን አነጠፍን። የብረት ክዳን ከብረት ጋር የሚፋጭበትንም ጠርዝ በዚያው ጎማ ሸፈንነው፤ እንስሳቱ የማይደርሱበት ቦታ ብቻ፣ አለዚያ ያኝኩታል።

ለጄኔሬተሩ ግን ጎማ ስለሆነ ብቻ ጎማ ማንጠፍ አይረዳም። በጣም የጠጠረ ጎማ ንዝረቱን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ከማሽኑ ምት ጋር የተገጣጠመ ደግሞ ጭራሽ ያባብሰዋል። የማሽኑ ክብደት ሲያርፍበት ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚል ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ያኔ ድጋፉ ማሽኑን ተሸክሞ በራሱ የሚወዛወዝበት ምት በሴኮንድ ወደ 8 ይወርድና በሴኮንድ 25 ጊዜ ከሚመታው ንዝረት አብዛኛውን ያስቀረዋል። እኛ ስፕሪንግ መረጥን። ማሽኑን ከሕንፃው ወለል በተለየ የኮንክሪት መሠረት ላይ አስቀመጥነው፤ የጭስ ቱቦውንም በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ለየነው። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ማሽኑ በስፕሪንግ ላይ ሆኖ ቱቦው ግድግዳውን ከነካ ንዝረቱ በቱቦው ይገባል።

ከግቢው ጀርባ ደግሞ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቱ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «አያ» እያልሁ ነው የማነጋግራቸው። ጉዳዩን ሳስረዳቸው «እኔ እህሌን ከአይጥ እጠብቃለሁ፣ እናንተ ታረቧታላችሁ!» ብለው ሳቁ። ለመድኃኒት ምርምር መሆኑን ሲሰሙ ግን ጊዜ አላጠፉም። የላሉትን ብሎኖች አጠበቁ፣ ያረጀውን ቺንጋ ቀየሩ፤ የእኛ ሳህን ውሃ በግልጽ ረጋ። እሳቸውም ወፍጮው ከበፊቱ ቀለል ብሎ እንደሚዞር ነገሩኝ። ደብዳቤ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይሳካም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የክረምቱ ዝናብ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዶፍ፣ በረዶ ሲቀላቀልበት፣ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ጭድ ከኮርኒስ በላይ መሙላት ድምፁን ይቀንሳል፤ ግን ተባይና አቧራ ስለሚያመጣ እዚህ ቤት ቦታ የለውም። የቆርቆሮውን የውስጥ ገጽ ሬንጅ በተቀባ ወፍራም ንጣፍ ሸፍነን ድርብ ጂፕሰም ኮርኒስ ሠራን። ዝናቡ አሁንም ይሰማል። ስለዚህ የሚወልዱትን እናቶች የኮንክሪት ጣሪያ ወዳለው ክፍል አዛወርናቸው፣ ምክንያቱም በድንገተኛ ድምፅ የተረበሸች እናት ልጆቿን ልትበላ ትችላለች። የሕመም ሙከራዎቹንም ወደ ጠዋት አመጣናቸው፤ በክረምት እዚህ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

ሠራተኞቻችንን ያስቸገራቸው ሬዲዮውን ማጥፋት ነበር። የምትወደው ነገር ሲቀር ቅር ይላል። ግን በሥራ ቀናት የሚጮህ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚጠፋ ሬዲዮ በሙከራው ውስጥ ማንም ያልመዘገበው አንድ ተጨማሪ ለውጥ ነው። ደግሞ አይጥ በቀን ታርፋለች፤ እኛ የምንሠራው በእንቅልፏ ሰዓት ነው። ጋሪው የጎማ እግር ተገጠመለት፣ በሩ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ማጠፊያ ተገጠመለት።

እያንዳንዱን ለውጥ ለየብቻ አደረግነው፤ የአንዱን ውጤት ሳንለካ ወደ ሌላው አልተሻገርንም። የዕለት መዝገባችን ላይም አንድ ዓምድ ጨምረናል፦ መብራት የጠፋበት፣ ጄኔሬተር የተነሣበት፣ ዶፍ የወረደበት፣ ግቢ ውስጥ ግንባታ የተሠራበት ሰዓት ይጻፍበታል። ከሌሎቹ የራቀ ውጤት ይዞ የሚመጣ ተማሪ መጀመሪያ ያን ዓምድ እንዲያነብ እናደርጋለን።