አቦልን ፍለጋ፦ በአሮጌ ላፕቶፕ ፕላኔት ስፈልግ ያየሁት

ነገሩ የጀመረው በቡና ነው። ቀልዴን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዲት ፕላኔት መድቦ፣ ስም አውጡላቸው ብሎ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባል ኮከብ ነው። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቷ ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ዜናውን ያነበብኩት እቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው። ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ ቶናና በረካስ የታሉ?» አለችኝ። ሳቅን፣ ወሬው በዚያው አለፈ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስቲ አቦልን ራሴ ልያት ብዬ ተነሳሁ።

ሙያዬ ኮምፒውተር ነው። ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ እጠብቃለሁ። ፊዚክስ የማውቀው እስከ 12ኛ ክፍል የተማርኩትን ነው፤ እሱንም ግማሹን ረስቼዋለሁ። ይህን ሥራ እንደጀመርኩ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እንጦጦ ትወጣለህ ማለት ነው?» እያለ ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ እውነት ነው። እኔ ግን አንድም ቀን ለዚህ ሥራ አልወጣሁም። የሠራሁት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ 4 ጊጋባይት ራም ባላት አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ይህ የሆነው ዳታው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ያመጠቀው ቴስ የሚባል ሳተላይት አለ። አራት ካሜራ ይዞ አንዱን የሰማይ ክፍል ለ27 ቀን ያህል አፍጥጦ ያያል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይዞራል። ያየው ሁሉ ባልቲሞር ባለ ማኅደር ይቀመጣል። ማንም ሰው፣ ምዝገባም ክፍያም ሳይጠየቅ፣ ያወርደዋል። ዶክተር መሆን አይጠበቅበትም።

ፕላኔቷ ራሷ አትታይም። የሚታየው ኮከቡ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ጨረቃ የፀሐይን መሃል ጋርዳ ዳር ዳሯ ብቻ እንደ እሳት ቀለበት የቀረችበትን ቀን አስታውሱ። ሩቅ ያለች ፕላኔትም በኮከቧ ፊት ስታልፍ ትጋርደዋለች፤ ግን በጣም በጥቂቱ። ጁፒተርን የምታህል ፕላኔት ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ፊት ብታልፍ ብርሃኑ ወደ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ምድርን የምታህል ከሆነች የሚቀንሰው ከ10,000 እጅ አንዱን እጅ እንኳን አይሞላም። ፕላኔቷ በዞረች ቁጥር ይህ ቅነሳ በእኩል ጊዜ ይደጋገማል። ሥራው እንግዲህ የኮከቡን የብርሃን ግራፍ ይዞ፣ በእኩል ጊዜ የሚደጋገም ጎድጓዳ ነገር መፈለግ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከሳይንስ ጋር አይገናኝም። ምን እንደማወርድ አላየሁም። ካሜራዎቹ ያነሷቸውን ሙሉ ምስሎች ማውረድ ጀመርኩ። አንዷ ምስል በአስር የሚቆጠር ሜጋባይት ናት፤ ለአንድ የሰማይ ክፍል ደግሞ ከሺህ በላይ ናቸው። የሌሊት ፓኬጄ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አለቀ። ስንት ሌሊት እንዲህ እንዳለፈ አልናገርም፣ ያሳፍራል። የአንድ ኮከብ ብርሃን ብቻ ተለክቶ የተቀመጠበት፣ ጥቂት ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ለብቻው እንዳለ ያወቅኩት በኋላ ነው። ላይትከርቭ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ (በፓይተን የኮድ ቋንቋ ተጽፎ የተዘጋጀ ኮድ) አለ፤ የኮከቡን ስም ስትነግረው ፋይሉን ፈልጎ ያመጣል። ሦስት መስመር ኮድ ነው።

የቡናን ፋይል አወረድኩ። ግራፉን ሣልኩ። መሃል ላይ ቁልጭ ያለ ጎድጓዳ ነገር አለ!

ያን ማታ እንዴት እንደሆንኩ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ግራፉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለሰው ሁሉ ላክሁ። «አቦልን አየኋት» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረቦቼ በማግስቱ ጠዋት ማኪያቶ ጋበዙኝ። ጠጣሁም።

የአክስቴ ልጅ ግን አልጋበዘችኝም። እሷ የምትሠራው ባዮቴክኖሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከእጽዋት ዲኤንኤ እያወጡ በፒሲአር ያባዛሉ። ስለ ኮከብ ምንም አታውቅም። ግራፉን አየችና የጻፈችልኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ኔጌቲቭ ኮንትሮልህ የታለ?»

አልገባኝም ነበርና ደወልኩላት። እንዲህ አስረዳችኝ። ፒሲአር በእያንዳንዱ ዙር ዲኤንኤውን እጥፍ ያደርጋል። ሁሉም ነገር በደንብ ከሠራ ከአንድ ቅንጣት ተነስቶ በ30 ዙር ከ1 ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከጓንት፣ ከፒፔት፣ ከአየር የገባች አንዲት ቅንጣት ትበቃለች፣ ውጤት የሚመስል ነገር ታወጣለች። ለዚህ ሲሉ ሁልጊዜ አንድ ቱቦ ይጨምራሉ። ሌላው ነገር ሁሉ ይገባበታል፣ በዲኤንኤው ፈንታ ግን ውሃ ነው። ውጤቱ በሚታይበት ጄል ላይ በዚያ ቱቦ መስመር ምንም መታየት የለበትም። ባንድ (የዲኤንኤ ምልክት) ከታየበት የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ይጣላል። እሷ በአንድ የተበከለ ውሃ ምክንያት የሦስት ሳምንት ልፋቷን እንደጣለች ነገረችኝ። «አንተ እኮ ምንም የሌለበት ቦታ ፈልገህ አላየህም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የእኔ ባዶ ቱቦ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ያው ካሜራ፣ በዚያው ቀን ያያቸው ሌሎች ኮከቦች ናቸው። ከቡና አጠገብ ያሉ ስምንት ኮከቦችን አወረድኩ። ጎድጓዳው ነገር ሁሉም ላይ አለ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት። ስምንት ኮከብ ተመካክሮ አይደበዝዝም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ሳነብ ቆየሁ። ቴስ ምድርን አንዴ ለመዞር 13.7 ቀን ይፈጅበታል። መንገዱ ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ነው፤ በየዙሩ ወደ ምድር ቀርቦ የሰበሰበውን ዳታ ይልክና ይመለሳል። የምድርና የጨረቃ ብርሃን ካሜራው ውስጥ የሚረጭበት ጊዜ አለ። ያንን ብርሃን ለመቀነስ ሲሞከር ደግሞ ግራፉ ይዛባል። የእኔ «አቦል» ከዚህ ሌላ አልነበረችም።

ከሁሉ የሚያናድደው የሚከተለው ነው። ያኔ ነው ስለ አቦል የተጻፈውን በቅጡ ያነበብኩት። አቦል ኮከቧን አንዴ ለመዞር ወደ 990 ቀን ይፈጅባታል። እኔ ያየሁት የ27 ቀን ዳታ ነው! የተገኘችውም በመጋረድ አይደለም። ክብደቷ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ስለሆነ ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ታወዛውዘዋለች፤ ተመራማሪዎቹ የያዟት ያንን ውዝዋዜ ከብርሃኑ ቀለም ለክተው ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ባነብ ኖሮ የበላሁት ፓኬጅ ሁሉ ይተርፈኝ ነበር። የጠጣሁት ማኪያቶም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ አልመለስኩትም።

ከዚያ በኋላ የማይታወቅ ነገር መፈለግ ተውኩ። የሚታወቅ ፕላኔት ወስጄ ፕሮግራሜ ያገኘው እንደሆነ ማየት ጀመርኩ። የመረጥኩት ሃት-ፒ-7ቢ የምትባለውን ነው። ኮከቧን ከቴስ በፊት የነበረው ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ ለዓመታት አይቶታል። ፕላኔቷ ግዙፍ ናት፤ ኮከቧን በ2.2 ቀን ትዞረዋለች፣ የምትጋርደውም ከግማሽ በመቶ በላይ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ አይገኝም።

ፕሮግራሜ አላገኛትም።

አንድ ሳምንት ሙሉ ኮዱን ገለባበጥኩት። በመጨረሻ ችግሩ ደግ ያደረግኩ መስሎኝ የጨመርኩት እርምጃ ሆኖ ተገኘ። ኮከብ ራሱ ይዋዥቃል፣ መሣሪያውም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ግራፉን ቀድመህ ታስተካክለዋለህ። ማስተካከያው በአንድ ጊዜ ስንት ሰዓት ያህል ዳታ እያየ እንደሚያለሰልስ የምትወስነው አንተ ነህ። እኔ ግራፉ እንዲያምርልኝ ብዬ በጣም አጭር አደረግኩት። ፕላኔቷ ኮከቧ ፊት የምታልፈው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ማስተካከያዬ ያንን ጎድጓዳ ነገር እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሞላው። ግራፉ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ነበር፤ እኔም በማማሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ፕላኔቷን ያጠፋኋት እኔው ነኝ። መለኪያውን ሳረዝመው ወዲያው ብቅ አለች። መጀመሪያ ፕሮግራሙ 4.4 ቀን አለኝ፤ ይኸውም የእውነተኛው እጥፍ ነው። ግማሹንና እጥፉን ሁልጊዜ መፈተሽ እንዳለብኝ ያኔ ገባኝ።

ቀጥሎ የሞከርኩት ኬፕለር-10ቢን ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ የምወደው ይህንን ነው። ከምድር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ የምትሰፋ ዓለታማ ፕላኔት ናት፤ ዓመቷ 20 ሰዓት ነው። የምትጋርደው ከሚሊዮን እጅ 150 እጅ ያህል ብቻ ነው። ግራፉን ብታዩ ምንም የለም፣ አሸዋ ነው የሚመስለው። ዘዴው ማጠፍ ነው። ነጠላ ስትታጠፍ ጥለቱ በጥለቱ ላይ እንዲያርፍ አይደል የሚደረገው? ግራፉንም እንዲሁ በ20 ሰዓቱ ልክ እየቆረጡ አንዱን በሌላው ላይ ይደርቡታል። ልኩ ትክክል ከሆነ ጎድጓዳው በጎድጓዳው ላይ ያርፋል፣ የመሣሪያው ጫጫታ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። 100 ዙር ስትደርብ ጫጫታው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ልኩን ካላወቅከው ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠሩ ልኮችን አንድ በአንድ ይሞክራል። ላፕቶፔ ይህን ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አደረች፤ ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶ ከዜሮ ጀምራለች። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በየአሥር ደቂቃው የደረሰበትን እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ከአሸዋው መሃል ትንሽ ጎድጓዳ ወጥታ ጠበቀችኝ። ማንም የሚያውቃት ፕላኔት ናት፤ ለእኔ ግን አዲስ ነበረች።

ለአክስቴ ልጅ ስነግራት «ይኸው ፖዘቲቭ ኮንትሮል ማለት ነው» አለች። ሁለተኛ ነገርም አስጨመረችኝ። ፕላኔት በሌለበት ዳታ ውስጥ በእጄ የሠራሁት ሰው ሠራሽ ጎድጓዳ እንድከት፣ ከዚያ ፕሮግራሜ የቱን ያህሉን እንደሚይዝ እንድቆጥር። ጥልቆቹን ሁሉ ያዘ፣ ጥልቀት የሌላቸው ግን አመለጡት። ስለዚህ ፕሮግራሜ «የለም» ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

እዚህ ስደርስ ነው ወደ ቴስ ተመልሼ የራሴን ኮከቦች መፈለግ የጀመርኩት። ብዙ ወር ሄደ። አንድ ቀን ጥሩ ነገር አገኘሁ፦ 1 በመቶ ገደማ የሚቀንስ፣ በየሁለት ቀኑ የሚደጋገም። ጎረቤቶቹ ላይ የለም። ማስተካከያውን ብቀይርም አይጠፋም። ፎቶውን ግን ለማንም አልላክሁም። ጎድጓዶቹን አንድ እያለፍኩ ለየብቻ አጠፍኳቸው፤ አንዱ ጥልቅ፣ ቀጣዩ ቀለል፣ እንደገና ጥልቅ። ፕላኔት እንዲህ አታደርግም፤ ሁለት ኮከቦች እየተፈራረቁ ሲጋረዱ ነው። የቴስ አንዷ ፒክስል ሰፊ ናት፣ በሰማይ ላይ 21 ሰከንደ ቅስት (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ትሸፍናለች፤ የኬፕለር 4 ብቻ ነበረች። እኔ የማየው ኮከብ ጎን አንድ ደብዛዛ ጥንድ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ዝርዝር ውስጥ ስፈልግ ቀድሞ ተመዝግቧል፤ ከቴስ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ዳታ ብቻ ከ4,500 በላይ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ተለቅመዋል። ማኪያቶ የለም እንግዲህ።

ፕላኔት አላገኘሁም። በደብተሬ ላይ ያለው የወደቁ እጩዎች ስምና የወደቁበት ምክንያት ነው፤ ዛሬ 31 ደርሰዋል።

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ በተራዋ ደወለችልኝ። የላብራቶሪያቸው አዲሱ የፒሲአር ማሽን በየዙሩ የብርሃን መጠን እየለካ ግራፍ ያወጣል። ከግራፉ ሥር ያለውን መንሸራተት የሚያስተካክል ኮድ እንድጽፍላት ፈለገች። ፋይሉን ላከችልኝ፣ ከፈትኩት። 24 ቱቦ ነው። ከላይ እስከ ታች አየሁና መልሼ ጻፍኩላት፦ «ኔጌቲቭ ኮንትሮልሽ የታለ?»

ረስታ ሳታካትተው ነው የላከችልኝ። ለሃያ ደቂቃ መልስ አልሰጠችኝም።