የአራት ቤተ ክርስቲያን ሰው አንድ ቦርድ ላይ ስታስቀምጡ (ከድሬ)

ሐረር ያሉ ልጆች የእኛን አይነት ድርጅት ሊጀምሩ ነው እና ደውለው እንዴት አደረጋችሁት አሉኝ፣ በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው እዚ የምጽፈው። ለኛ ያኔ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ንዴት አናይም ነበር።

እኛ ድሬዳዋ አልጋ ቁራኛ የሆኑ አረጋውያንን ቤታቸው ሄደን እናጥባለን፣ እናበላለን፣ መድኃኒት እናደርሳለን። መሥራቾቹ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከመካነ ኢየሱስና ከሙሉ ወንጌል ነን። ከምንረዳቸው ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው፣ ስለዚ ሥጋ የሚባል ነገር አናድልም፣ ምስር ዘይት ዱቄት በቃ፣ ማን ባርኮ አረደው የሚል ጣጣ ውስጥ አንገባም።

ምዝገባው እንደሚወራው አይደለም። አዋጅ 1113/2011 (የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የሚባለው) ድሬዳዋንና አዲስ አበባን በፌዴራል ነው የሚያስመዘግበው፣ ስለዚ ፋይላችሁ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። ሐረር ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትሰሩት ክልላችሁን ጠይቁ። መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ መታወቂያ፣ ዓርማ፣ አለቀ። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ቀን ሂሳቡን ለይታችሁ ያዙ፣ ቤት ለቤት የሚሄዱት ተንከባካቢዎች ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ ነው፣ የቢሮው ኪራይ ግን አስተዳደር ነው።

የሃይማኖቱ ነገር ራሱ ሰው እንደሚፈራው አልከበደም። ስብሰባ በአባታችን ሆይ ይከፈታል፣ ከዛ በላይ ማንም አይጨምርም፣ እመቤታችን ማርያም ሆይ የሚል በልቡ ይላል፣ በልሳን የሚጸልይም ቤቱ ይጸልያል። ስብሰባ በ12፣ በ19 እና በ21 አትጥሩ፣ ፓስተሩ ሚካኤል መሆኑን አያውቅም፣ አባ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ናቸው። በሽተኛ ቤት ገብቶ መስበክ ክልክል ነው ብለን ደንቡ ላይ ጻፍን፣ ሁሉም ፈረመ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

ሕጉ ለአገር በቀል ድርጅት ከሚሰጣችሁ ምርጫ ውስጥ ለእኛ አይነቱ የሚመጡት ሁለቱ ናቸው። ማህበር ከሆናችሁ የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ቦርድ መር ከሆናችሁ ደግሞ ከቦርዱ በላይ ማንም የለም፣ አባላቱም ከ5 እስከ 13 ናቸው። ሁሉም ሰው ቦርድ መር ይሻላችኋል፣ ቀላል ነው፣ ጉባኤ መጥራት የለም ይላችኋል። ደንቡን የጻፈልን የሕግ አማካሪም እንደዛው አለ፣ ከሌላ ድርጅት ኮፒ ያደረገው መሆኑ ያስታውቃል፣ አንዷ አንቀጽ ላይ «አባል ቤተ ክርስቲያናት ወኪሎቻቸውን ለቦርዱ ይልካሉ» ብሎ አስገባ። ስታነቡት ደስ ይላል። ግን የላከ ማንሳት ይችላል ወይ? የተላከው ሰው የቤተ ክርስቲያኑ ነው ወይስ የድርጅቱ? ምንም አይልም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ደግሞ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፣ የልማት ድርጅት ስታቋቁም ነው የምትገባው፣ ስለዚ ያ «ላኪ» የሚባለው አካል በሕጉ ፊት ለእኛ ድርጅት ማንም አይደለም። ብር ተቀብሎ ይሄን ያላየ አማካሪ ምን ይባላል?

ከአራቱ በአንደኛው (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ አሁን ሰላም ነን) አስተዳዳሪ ተቀየረ። አዲሱ ሰውዬ ወኪላችንን አንስተናል የሚል ደብዳቤ ጻፈ። የተነሳው ሰብሳቢያችን ነው፣ ባንክ ፈራሚያችንም እሱ ነው። ደብዳቤው ለኛ ብቻ ቢሆን ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር፣ ሰውዬው ግን ግርጌ ላይ «ግልባጭ» ብሎ ባንኩንም ጨምሮታል። ክብ ማህተም ያየው ባንክ በማግስቱ ሂሳቡን ዘጋው።

ማናጀሩን ስንለምነው «የውስጥ ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ኑ» ነው መልሱ። ቦርዱ ተሰብስቦ አዲስ ፈራሚ የመረጠበትን ቃለ ጉባኤ ወሰድን፣ የተነሳው ሰው ካልፈረመበት አይሆንም አለ። የተነሳው ሰው ደግሞ እንደ ውሻ ተባረርኩ ብሎ አኩርፎ ልጁ ጋ አዳማ ሄዷል፣ ስልክ አያነሳም። እሺ ብለን ደንቡን አመጣን፣ ከቦርድ በላይ ማንም የለም የሚለውን አዋጁ ላይ አስምረን አሳየነው፣ አላየውም እኮ፣ በእጁ ገፋ አደረገውና «ከአራቱም ቤተ ክርስቲያናት የተስማማ ደብዳቤ አምጡ» አለ። ከየት የመጣ ሕግ ነው! ያ ሁሉ ሲሆን ተንከባካቢዎቹ ያለ ደመወዝ ሳቢያን የሚባለውን ሰፈር በእግራቸው ይዞራሉ፣ የባጃጅ እንኳን የላቸውም። አንዷ አሮጊት ዳይፐራቸው አልቆ ተንከባካቢዋ ልጅ ከራሷ ነጠላ ቀዳ ነው ያሰረችላቸው። ማናጀሩ ይሄንንም ሰምቷል።

በመጨረሻ የፈታው ሕግ አይደለም፣ ሽማግሌ ነው። አዳማ ድረስ ተሄደ፣ ጋሼ ተለመኑ፣ መጥተው ፈረሙ።

ከዛ በኋላ ደንቡን ስናሻሽል ድምፅ እንዴት ይሰጥ የሚለው ተነሳ። አንዱ ፓስተር በአብላጫ ድምፅ ይለቅ አለ፣ እኔ አልተዋጠልኝም፣ ሁለቱ የወንጌል አማኞች ተደምረው ኦርቶዶክሱን ሁሌ ሊያሸንፉ ነው። ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከ1948 (በፈረንጆች) ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ኦርቶዶክሶቹ በዚሁ አኩርፈው ነበር፣ በ1998 (ይሄም በፈረንጆች) ሐራሬ (ሐረር አይደለም፣ ዚምባብዌ) ላይ ልዩ ኮሚሽን ተቋቁሞ ኋላ አብዛኛውን ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በመግባባት አደረጉት። ብርቱካናማና ሰማያዊ ካርድ ያነሳሉ፣ ብርቱካናማ ደስ ብሎኛል፣ ሰማያዊ ቅር ብሎኛል። ድሬ ካርድ አያስፈልግም፣ የከፋው ሰው ፊቱ ላይ ነው። ግን ሐሳቡን ወሰድን፣ ብርና ሰው መቅጠር በድምፅ፣ እምነትን የሚነካ ነገር ሁሉም ካልተስማማ ያድራል።

ሰው ሁሉ ቄስና ፓስተር ሰብሳቢ አድርጉ ያስከብራችኋል ይላል። አታድርጉ! አገልጋይ በአለቃው ደብዳቤ የሚዛወር ሰው ነው፣ ነገ ጅጅጋ ይላካል። ጡረታ የወጣ አካውንታንት ወይም ነርስ ይሻላችኋል፣ አባቶችን አማካሪ አድርጓቸው፣ ቡና ላይ የሚሉት ይበቃል። ሰው ከበዛላችሁ ደግሞ እኔ ማህበር ነው የምመርጠው፣ ጉባኤ መጥራት ያደክማል ግን የሚያነሳውም የሚሾመውም ማን እንደሆነ ይታወቃል። የባንክ ፈራሚ ሦስት ሰው ከሦስት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሲፈርሙ ይወጣል።

አሁን ደንባችን ላይ ያለችው አንቀጽ ይቺ ናት፣ እንዳለች ገልብጡት፦ «ቤተ ክርስቲያናት ዕጩ ይጠቁማሉ፤ የሚመርጠው ቦርዱ ነው። የተመረጠ አባል የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ በቦርዱ ውሳኔ ካልሆነ አይነሳም፤ ምትኩ እስኪመረጥም ፊርማው ይጸናል። አባልን የሚመለከት ደብዳቤ ለቦርዱ ብቻ ይጻፋል፤ ግልባጭ አይደረግም።»